ቲቪ ላይሰንስ፦ የትኛው ቤት ይከፍላል፣ የትኛው አይከፍልም

እንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ለማየት በየዓመቱ ስለሚከፈለው ፈቃድ፣ ማለትም ስለ ቲቪ ላይሰንስ፣ ሐበሻ ለሐበሻ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ዝም ብለህ ክፈል፣ ከጣጣው ትገላገላለህ» ወይም «ደብዳቤውን ቅደደው፣ ምንም አያመጡም»። ሁለቱም ሰው አክስረዋል። መክፈል የማይገባው ቤት በዓመት ከ170 ፓውንድ በላይ ሲገብር ይኖራል። መክፈል የሚገባው ደግሞ «ቴሌቪዥን የለኝም፣ በስልኬ ነው የማየው» ሲል ከርሞ የክስ ወረቀት ይመጣበታል። ለወገን ደብዳቤ ስናነብና ፎርም ስንሞላ ደጋግመን የምንመልሰውን እዚህ ዘርዝረነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላይሰንሱ ለዕቃው የሚከፈል አይደለም። ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አንድ ሳንቲም የማይከፍል ሰው አለ፤ አሮጌ ስልክ ብቻ ይዞ መክፈል ያለበትም አለ። የ2003ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግና ከሱ የወጡት ደንቦች የሚጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በማንኛውም ጣቢያ የሚተላለፍ ፕሮግራም በሚተላለፍበት ሰዓት ታያላችሁ ወይ? ወይስ ትቀዳላችሁ? ሁለተኛ፣ ቢቢሲ አይፕሌየር (የቢቢሲ ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚታይበት አፕ) ላይ ምንም ነገር ታያላችሁ ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ ቤቱ ላይሰንስ አያስፈልገውም። ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካላችሁ ያስፈልጋል፤ በቴሌቪዥን ይሁን በላፕቶፕ፣ በታብሌት ይሁን በስልክ ለውጥ የለውም።

በሚተላለፍበት ሰዓት ስንል ኳስና ዜና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጣቢያው የሃያ ዓመት ፊልም እየደገመ ቢሆንም፣ በዚያ ሰዓት እሱን ካያችሁ ላይሰንስ ይጠየቃል። በአንድ ሰዓት ዘግይተው የሚደግሙት፣ ስማቸው ላይ «ፕላስ ዋን» ያለባቸው ጣቢያዎችም እንዲሁ። ጣቢያው የእንግሊዝ መሆን የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «እኔ ቢቢሲ አላይም፣ የማየው ኢቢኤስ ነው» ይላል። ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ ጣቢያ በሳተላይት ሳህን ቢመጣ፣ በአይፒቲቪ ሣጥን (ጣቢያ በኢንተርኔት በሚያመጣው) ቢመጣ፣ በዩቲዩብ ቀጥታ ቢመጣ፣ ፕሮግራሙ አየር ላይ ባለበት ሰዓት ለንደን ወይም ሊድስ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ላይሰንስ ያስፈልገዋል። የአይፒቲቪ ሣጥኑን በወር አሥር ፓውንድ የሚያከራያችሁ ሰው «ላይሰንሱ ተካቷል» ካላችሁ ውሸት ነው።

ያው ድራማ ከተላለፈ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ፣ በፈለጋችሁበት ሰዓት ከፍታችሁ ስታዩት ግን ነፃ ናችሁ። ኔትፍሊክስ ላይ ያለ ፊልም፣ አይቲቪኤክስ ወይም ቻናል ፎር ላይ ያለፈ ሳምንት ክፍል፣ ቲክቶክ፣ ዲቪዲ፣ የቪዲዮ ጌም፣ እነዚህ ሁሉ ላይሰንስ አይጠይቁም። አማዞን ፕራይምም ሆነ ኔትፍሊክስ ቀጥታ ጨዋታ ሲያስተላልፉ ግን ያንን ለማየት ላይሰንስ ያስፈልጋል። ሬዲዮ በምንም መልኩ ላይሰንስ አይጠይቅም፤ ቢቢሲ አማርኛን ማንበብም ሆነ ማዳመጥ ነፃ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ቀጥታ የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ግለሰብ ከቤቱ ስልኩን አቁሞ ቀጥታ ሲያወራ ያ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አይደለም። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን በራሱ ካሜራና በራሱ ገጽ ብቻ ሲያስተላልፍም እንደዚያው ነው። ያንኑ ሥርዓት በሳተላይት የሚሠራጭ መንፈሳዊ ጣቢያ በዚያው ሰዓት አየር ላይ እያዋለው፣ የጣቢያውን የዩቲዩብ ገጽ ከፍታችሁ ብታዩት ግን ጣቢያ አይታችኋል። የጥምቀትና የመስቀል ቀን ስንት ቤት ሳያውቀው ይህን መስመር እንደሚሻገር መገመት አያዳግትም። ሲያጠራጥራችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህንኑ አሁን በዚህች ሰዓት በቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያይ ሌላ ሰው አለ? ካለ ላይሰንስ ይጠየቃል። ሥርጭቱ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ከመጀመሪያው ብታዩት አይጠየቅም።

አይፕሌየር ላይ ሕጉ የጠበቀው ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለፈ ፕሮግራም ማየት ነፃ ነበር፤ አሁን ማውረድም፣ ያለፈ ማየትም ላይሰንስ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይፕሌየር የሚከፍቱት ወላጆች ሳይሆኑ ልጆች ናቸው። ሲቢቢስ (የቢቢሲን የሕፃናት ጣቢያ) የሚያየው የአራት ዓመት ልጅ ታብሌቱ ላይ «ላይሰንስ አለኝ» የሚለውን ቁልፍ ነክቶ ያልፋል። አካውንቱ የተከፈተው በእናቱ ኢሜይል ነው፤ ቢቢሲ ደግሞ ያንን ኢሜይል ከላይሰንስ መዝገቡ ጋር ማመሳከር ይችላል። ላይሰንስ የሌለው ቤት አይፕሌየርን ከቴሌቪዥኑም ከታብሌቱም ቢያጠፋው ይሻላል።

ቴሌቪዥናችሁን ለዩቲዩብና ለኔትፍሊክስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ዕቃው ራሱ እንዲመሰክርላችሁ አድርጉት። የአንቴናውን ገመድ ከጀርባው ንቀሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት፤ ሲነሳ ጣቢያ ልፈልግ ሲላችሁ ዝለሉት። አንዳንድ ስማርት ቴሌቪዥን ዋይፋይ ካገኘ ያለ አንቴናም ጣቢያ ያመጣል፣ ገና ሲበራም በራሱ አንዱን ይከፍታል። ሲበራ ቀጥታ ወደ መነሻ ገጹ እንዲሄድ ማስተካከያው እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ነው። ሕጉ ይህን አድርጉ ብሎ አያስገድድም፤ ግን ድንገት ሰው መጥቶ ቢያይ ክርክሩን ያሳጥረዋል።

ከሚታየው ነገር ይልቅ ሰውን የሚያምታታው የመኖሪያው ዓይነት ነው። ላይሰንስ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለአድራሻ ነው፤ በአንድ አድራሻ ያሉ ቴሌቪዥኖችና ስልኮች ሁሉ በአንዱ ይሸፈናሉ። ጥያቄው «አንድ አድራሻ» የሚባለው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ይህንን የሚወስነው የኪራይ ውሉ ነው። አራት ልጆች አምስት ክፍል ያለው ቤት ተከራይተው አንድ ውል ላይ አራቱም ከፈረሙ፣ ለቤቱ አንድ ላይሰንስ ይበቃል። ስሙ የአንዱ ይሆናል፤ ሒሳቡን ተካፈሉ። አከራዩ ለእያንዳንዳቸው የየክፍላቸውን ውል ለየብቻ ከሰጣቸው ግን፣ ወጥ ቤቱና መታጠቢያው የጋራ ቢሆንም እያንዳንዱ ክፍል እንደ ራሱ ቤት ይቆጠራል። ክፍሉ ውስጥ ቀጥታ የሚያይ ሁሉ የራሱን ያወጣል። ሳሎን ያለውን የጋራ ቴሌቪዥን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ለሳሎኑ አንድ ይበቃል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን አውጡና የፊቱን ገጽ እዩ። የተከራይ ስም በሚለው ቦታ ስንት ስም አለ? የተከራያችሁት «ሙሉ ቤቱን» ነው ወይስ «ክፍል ቁጥር 3»ን?

ሰው ቤት በደባልነት የምትኖሩ ከሆነ ዝምድና ለውጥ ያመጣል። የባለቤቱ ቤተሰብ፣ የትዳር አጋር ወይም የቤቱ ሞግዚት የሆነ ሰው በባለቤቱ ላይሰንስ ይሸፈናል፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እስከኖረ ድረስ። የእህት ልጅ ይሸፈናል ማለት ነው። «ከአንድ ሰፈር ነን፣ እንደ ወንድሜ ነው» የተባለው ደባል ግን ለሕጉ ተከራይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ቀጥታ ካየ የራሱን ያወጣል። ሳሎን ወርዶ ከባለቤቱ ጋር ቢያይ ችግር የለም። ጓሮ የተሠራች፣ የራሷ መግቢያና ወጥ ቤት ያላት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የቤተሰብ አባል ቢሆን እንኳ ለብቻው ያወጣል።

ዩኒቨርሲቲ ዶርም ያለ ተማሪም በመርሕ ደረጃ ለክፍሉ የራሱ ያስፈልገዋል። አንድ ማምለጫ አለ፦ የወላጆቹ ቤት ላይሰንስ ካለው፣ የሚያይበት ዕቃ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ከሆነና በሚያይበት ጊዜ ሶኬት ላይ ካልተሰካ፣ ከአንቴናም ጋር ካልተገናኘ በወላጆቹ ይሸፈናል። ለሥራ ቦታም የሚሠራው ይኸው ነው። ሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ ልጆች ይህችን ይያዟት፦ ቤታችሁ ላይሰንስ ካለው፣ ጠረጴዛው ላይ ስልካችሁ በባትሪው እየሠራ ጨዋታውን ብታዩ ቤታችሁ ይሸፍናችኋል። ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ እያያችሁ ከሆነ ግን የሥራ ቦታው የራሱ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። አስቂኝ ይመስላል፣ ደንቡ ግን ይህ ነው። ቤታችሁ ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ባትሪም አያድናችሁም።

ምግብ ቤት ወይም ካፌ ያላችሁ፣ የንግዱ ቦታ የራሱ ላይሰንስ ይፈልጋል፤ ፎቅ ላይ የምትኖሩበት ቤት ሌላ ነው። ለሙዚቃ ደግሞ ከዚህ የተለየ ፈቃድ አለ።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ባለቀለሙ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 174.50 ፓውንድ፣ ጥቁርና ነጩ 58.50 ነበር፤ ዋጋው ኤፕሪል በመጣ ቁጥር ስለሚከለስ ስትከፍሉ አዲሱን እዩ። በወርሃዊ ዳይሬክት ዴቢት (ከባንክ በራሱ በሚቆረጥ ክፍያ) የጀመረ ሰው ሁልጊዜ የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ የመጀመሪያውን ዓመት በስድስት ወር ውስጥ ነው የሚያስጨርሱት፣ በ2025ቱ ዋጋ በወር ወደ 29 ፓውንድ ይቆረጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ግማሹ ይወርዳል። «እጥፍ ቆረጡብኝ» ብሎ ባንክ ሄዶ ዳይሬክት ዴቢቱን የሚያስቆም ሰው ክፍያው ስለሚቋረጥ ላይሰንሱ ሊሰረዝበት ይችላል፣ ሳያውቀውም ያለ ላይሰንስ ማየት ይቀጥላል። በየሦስት ወሩ የሚከፍል በእያንዳንዱ ክፍያ 1.25 ይጨመርበታል። ባንክ የማይመቸው በክፍያ ካርድ ፔይፖይንት (ሒሳብ የሚከፈልበት አገልግሎት) ያለበት ሱቅ ሄዶ በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ይችላል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ደግሞ ሲምፕል ፔይመንት ፕላን የሚባለውን ቢጠይቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል እየከፈለ ይዘልቃል።

ቅናሽን በተመለከተ ወሬው ከእውነቱ ይበዛል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት የገቢ ድጎማ) ማግኘት ነፃ አያደርግም። የጥገኝነት ጉዳይ በሂደት ላይ መሆኑም አያደርግም። 75 ዓመት መሙላት ብቻውን ይበቃ የነበረው እስከ ጁላይ 2020 ነው፤ ከኦገስት 1 ቀን 2020 ወዲህ ነፃ የሚሆነው ዕድሜው 75 የሆነና እሱ ወይም አብሮት የሚኖረው የትዳር አጋሩ ፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጥ ድጎማ) የሚያገኝ ሰው ነው። ይህን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፦ እናት ወይም አባት ከእናንተ ጋር የሚኖሩ ከሆነና መስፈርቱን ካሟሉ፣ ላይሰንሱን በእሳቸው ስም አዙሩት፤ ነፃው ለቤቱ በሙሉ ያገለግላል። በልጅ ስም ሆኖ ሲከፈልበት የኖረ፣ አያት ጓዳ ተቀምጠው ማንም ያላሰበበት ቤት ብዙ ነው። ዓይናቸው ከፍተኛ የማየት ጉዳት እንዳለበት የተመሰከረላቸው ሰው ካሉም ግማሹ ይቀነሳል፤ እዚያም ላይሰንሱ በእሳቸው ስም መሆን አለበት፣ የዓይን ሐኪም ወይም የካውንስል ማስረጃ ይያያዛል።

አያስፈልገንም ብላችሁ ከወሰናችሁ ላይሰንሱን በሚያስተዳድረው በቲቪ ላይሰንሲንግ ድረ ገጽ ላይ ላይሰንስ እንደማያስፈልጋችሁ ማሳወቂያ ፎርም አለ። ስም፣ አድራሻ፣ ፖስትኮድና ምክንያት ትሞላላችሁ፤ ማረጋገጫው በኢሜይል ወይም በፖስታ ይመጣል፣ አስቀምጡት። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ያገለግላል፣ ከዚያ እንደገና ይጠይቃሉ። ማሳወቅ የሕግ ግዴታ አይደለም፤ ለደብዳቤያቸው መልስ አለመስጠትም በራሱ ወንጀል አይሆንም። በእኛ አስተያየት ግን ማሳወቁ ይሻላል፣ ካልሆነ ለቤቱ ነዋሪ ተብሎ የተጻፈው ደብዳቤ በየጊዜው እየከረረ ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ገና ያልተስተካከለለት አዲስ መጤም ደንግጦ የማይገባውን ይከፍላል። ካሳወቃችሁ በኋላም ለማረጋገጥ ሰው ሊልኩ ይችላሉ።

የሚመጣው ሰው ፖሊስ አይደለም። የፍርድ ቤት ማዘዣ ካልያዘ ቤት የመግባት መብት የለውም፤ «አሁን አይመችም» ብሎ በሩን በጨዋነት መዝጋት ይቻላል። ጥያቄውን የመመለስ ግዴታም የለባችሁም። ማዘዣ ይዞ ከመጣ ግን አስገቡት፣ ማደናቀፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አደጋው ያለው በመሐል ነው። መታወቂያውን አሳይቶ፣ በትሕትና «ለመጨረሻ ጊዜ ቴሌቪዥን ያያችሁት መቼ ነው?» ሲል የእኛ ሰው እንግዳ ማክበር ስለሚያውቅ «ትናንት ማታ ዜና አየን» ይላል። ኦፊሰሩ የማስጠንቀቂያውን ቃል ያነባል፣ የተባለውን ፎርም ላይ ይጽፋል፣ ፈርሙ ይላል። ያ ወረቀት ፍርድ ቤት የሚቀርብ የእምነት ቃል ነው። የሚከሰሰው ደግሞ ቃሉን የሰጠው ሰው እንጂ የግድ የኪራይ ውሉ ባለቤት አይደለም። በእንግሊዝ በዚህ ጉዳይ ከሚከሰሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አንዱ ምክንያት ቀን ቤት ተገኝተው በር የሚከፍቱት እነሱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ቤት ለምትውለው እናት አስቀድማችሁ ንገሯት፦ አትዋሺ፤ አንብበሽ ያልገባሽን ግን አትፈርሚ፣ አስተርጓሚ ልትጠይቂ ትችያለሽ፣ መልስ አለመስጠትም መብትሽ ነው።

ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል፣ የፍርድ ቤት ወጪ ሳይጨመር። በእንግሊዝና በዌልስ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ማንም ችሎት ሳይቀርብ በአንድ ዳኛ፣ በወረቀት ነው። ሲንግል ጀስቲስ ፕሮሲጀር ኖቲስ የሚል ፖስታ ከደረሳችሁ 21 ቀን አላችሁ። ጥፋተኛ ነኝ ወይም አይደለሁም ትላላችሁ፣ ገቢያችሁን ትሞላላችሁ፤ ሕመም፣ የቋንቋ ችግር፣ ከዚያ ወዲህ ላይሰንስ መውጣቱ ካለ እዚያው ጻፉት። ዝም ካላችሁ በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል፣ ቅጣቱም ገቢያችሁን ሳያውቁ ይተመናል። ፖስታው የድሮ አድራሻ ሄዶ ስለ ፍርዱ ያወቃችሁት ዘግይቶ ከሆነ፣ ባወቃችሁ በ21 ቀን ውስጥ በመሐላ ቃል ሰጥታችሁ ጉዳዩን እንደገና ማስከፈት ትችላላችሁ። ስኮትላንድ ሥርዓቱ ሌላ ነው፣ ጉዳዩ የሚቀርበው ለዐቃቤ ሕጉ ነው።

ወደፊት ዜግነት የምትጠይቁ ሰዎች ይህን አትናቁት። የዜግነቱ ማመልከቻ የጥፋተኝነት ውሳኔዎችን ይጠይቃል። የላይሰንስ ቅጣት በራሱ ቀላል ነው፤ «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ መደበቁ ግን ከቅጣቱ የከፋ ጣጣ ያመጣል። ተከፍሎ ያለቀበትን ደረሰኝ አትጣሉት።

ቤት ስትቀይሩ ላይሰንሱ አብሯችሁ አይሄድም፤ ድረ ገጹ ላይ አድራሻውን መቀየር አለባችሁ። ለየብቻ ሲኖሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተጋብተው አንድ ቤት ሲገቡ ከሁለቱ ላይሰንስ አንዱ ትርፍ ነው፤ አሰርዙትና ለቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘባችሁን ጠይቁ። አገር ቤት ጠቅልሎ የሚገባ ሰውም፣ ቀጥታ ማየት የተወም እንደዚሁ። ዳይሬክት ዴቢት ማቆም ብቻ መሰረዝ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይሰንሱን አሰርዙ፣ ከዚያ ባንኩን።

«ላይሰንስዎ አልቋል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ቴክስትና ኢሜይል በብዛት ይመጣል፣ አብዛኛው የሌባ ነው። እውነተኛው ኢሜይል በስማችሁ ይጠራችኋል ወይም የፖስትኮዳችሁን ከፊል ይጠቅሳል፤ «ውድ ደንበኛ» ብቻ የሚል ከሆነ አትንኩት። የተላከውን ሊንክ ትታችሁ የድረ ገጹን አድራሻ ራሳችሁ ጻፉና ግቡ። ቴክስቱን የአጭበርባሪ መልእክት ወደሚጠቆምበት ቁጥር፣ ወደ 7726 አስተላልፉት። የካርድ ቁጥር አስገብታችሁ ከሆነ ደግሞ ሳታድሩ በ159 ባንካችሁን አግኙ።